ጋሼ፣ አርብ ቀጠሮ አለን

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤ ለጤናዎ እንዴት ነዎት? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን በስልክ ልነግርዎት ሁለቴ ሞክሬ ነበር። ገና "ሐኪም" ስል ስልኩን ለእማዬ አቀበሏት። ስለዚህ ጻፍኩት። ማታ ሲረጋጉ ያንብቡልኝ።

የግንቦቱን የጉበት አልትራሳውንድ እንደቀሩ ሰማሁ። "አረቄውን ከተውኩ ሁለት ዓመቴ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?" ብለዋል አሉ። መተውዎ ትልቅ ነገር ነው ጋሼ። በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ለቅሶ ቤቱ ሁሉ መለኪያ እየቀረበ፣ ጓደኞችዎ እየጎተጎቱ፣ መተው ቀላል እንዳልነበር አውቃለሁ። ያኔ ሆድዎ ውኃ ቋጥሮ ቀበቶ አልደርስ ብሎዎት ሱሪዎን በሲባጎ ነበር የሚያስሩት። ለፋሲካ ስመጣ ያው ቀበቶ በድሮ ቀዳዳው ተቆልፎ አየሁት። ጓዳ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

ግን አረቄው ቢሄድም ጠባሳው አልሄደም። ሐኪሙ ሲሮሲስ ያለው እሱን ነው። ጉበት ሲጎዳ ራሱን ይጠግናል። ለዓመታት ሲጎዳና ሲጠገን ከኖረ ግን ጠባሳ እየበዛበት ይደድራል። የጉበት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከእንዲህ ዓይነቱ ጉበት ነው። መጠጥ መተው አደጋውን ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ አያጠፋውም።

"ምንም አያመኝም" ይላሉ። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ጉበት ውስጡ ሕመም አይሰማውም። ዕጢ ቢጀምር ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያድገው። ሰውነት ሲከሳ፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን ብዙ ጊዜ ረፍዷል። በየስድስት ወሩ ይምጡ የሚሉዎት ለዚህ ነው። ዕጢው እጥፍ ለመሆን ባብዛኛው ወራት ስለሚፈጅበት፣ ሳያቋርጡ ከታዩ ገና ትንሽ ሳለ የመያዝ ዕድል አለ። ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ከተገኘና ጉበቱ ከቻለ፣ ቆርጠው ሊያወጡት ወይም በቀጭን መርፌ ገብተው በሙቀት ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ሕክምናው ሁሉም ቦታ የለም። ካስፈለገ ፍለጋው የኔ ሥራ ይሁን።

አልትራሳውንዱም የሚያመልጠው ነገር ስላለ አልፋ ፊቶፕሮቲን የሚባል የደም ምርመራ አብሮ ይታዘዛል። 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ከታየ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይጨመራል። የታየ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ከአሁኑ አይጨነቁ።

አምና አብሬዎት ገብቼ እንደነበር ያስታውሳሉ? ጄሉ ሆድዎን ሲነካው ደንገጥ አሉ። "ትንፋሽ ይያዙ" ሲባሉ እኔም አብሬ ያዝኩ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

የቀሩበትን ምክንያት እማዬ ነግራኛለች። ኅዳር ላይ ብቻዎን ሲሄዱ፣ መርማሪው በሰው ፊት "ሲጠጡ ኖረው አሁን ጉበቴን እዩልኝ ይላሉ" አለዎት። አንጀቴ ነው ያረረው። ምነው ሳይነግሩኝ ቀሩ? እኔ አስታማሚዎ አይደለሁም? ጉበትዎ በምንም ይታመም፣ በክብር መታየት ይገባዎታል። እዚያ ቤት አንመለስም። እዚህ አዲስ አበባ ሌላ ቦታ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሐኪሟን አነጋግሬያታለሁ፣ ሰው አክባሪ ናት።

ሁለት ነገር ሳልረሳ። የእማዬን የጉልበት ኪኒን፣ ዳይክሎፌናኩን፣ እርስዎ እንዳይነኩት፤ ለእርስዎ ጉበትና ኩላሊት አደገኛ ነው። ቡናዎን ግን እማዬ ከልክላዎት ከሆነ ትመልስልዎት። ቡና ጠጪዎች ላይ የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ ነው የተገኘው።

ቀጠሮው አርብ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ባዶ ሆድ ይፈለጋል፤ እርስዎ እንደሁ አርብን ይጾማሉ፣ አያስቸግርዎትም። እንደወጣን ግን የጾም ምግብ እንበላለን። ሳይበሉ ብዙ ሰዓት መቆየት ለእርስዎ ጉበት ጥሩ አይደለም፤ ንስሐ አባትዎንም ስለዚህ ያማክሩልኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ክረምት ነው፣ ጋቢዎን አይርሱ። እማዬ ቁም ሳጥኑ ላይ በፌስታል ያስቀመጠችውን የምርመራ ወረቀት ሁሉንም ይዘው ይምጡ። ሐኪሟ ከአዲሱ ጋር ልታስተያየው ትፈልጋለች።

ልጅዎ