ይድረስ ለጌች፣ ከጠፋው ጓደኛህ

ጌችዬ፣ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? እሺ፣ ጠፍቻለሁ። ይቅርታ፤ ስድቡን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። «ጉዳይ ሲኖረው ነው የሚጽፈው» ማለትህ አይቀርም። በል፣ ጉዳይ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንጂዮግራም አለብኝ። ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ የልቤን ደም ሥሮች በቀለም ያያሉ። ልብ ከተቀየረልኝ ወዲህ በየዓመቱ የማደርገው ነው። የዘንድሮው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሰበቡ ሲ ኤም ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ሳይቶሜጋሎቫይረስ ይሉታል ሲያቆላምጡት። አትሳቅ፣ አንተም ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። እኛ አገር አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይይዘውና ዕድሜ ልኩን አብሮት ይተኛል። እኔ ግን ሰውነቴ ከሰው ልብ ጋር እንዳይጣላ ብዬ በየቀኑ መከላከያዬን የሚያዳክም መድኃኒት እውጣለሁ። ለወራት ቫልጋንሲክሎቪር የሚባል የቫይረስ መድኃኒት ሰጥተው ያዙት። እሱን ሳቆም ተነሳ። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ነጭ የደም ሴሌም ወረደ። ታከምኩ፣ ከደሜም ጠፋ። አለቀ ብዬ ነበር።

ሐኪሟ ናት «የደም ሥሮችህን በደንብ ማየት አለብን» ያለችኝ። ቫይረሱ የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣል፤ የተኛውን መከላከያም በተተከለው ልብ ላይ ይቀሰቅሳል። ከዚያ ግድግዳው ከውስጥ እየወፈረ መተላለፊያው ይጠባል። የስታንፎርድ ሐኪሞች ይህን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1989 ጽፈውታል። የአባትህ ዓይነት አንድ ቦታ የተዘጋ ቢሆን ስቴንት የሚሉት፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ ይገባለት ነበር። ይሄኛው ግን በረጅሙ፣ እስከ ቀጫጭኖቹ ድረስ ነው የሚያጠበው።

ደግሞ አያምም! ሲተክሉት ነርቮቹ ስለሚቆረጡ ደም ቢያጥረው እንኳ ብዙ ጊዜ ደረትህን አይወጋህም። ቁጭ ብዬም ዘጠና፣ መቶ ይመታል፤ ስደነግጥ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚነቃው። አንተ ስትደውል «ልቤ ደነገጠ» ብልህ አትመነኝ።

ቫይረሱ የያዘው ሁሉ ደም ሥሩ ይበላሻል ማለት አይደለም። ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት እወስዳለሁ። ካስፈለገም ኤቨሮሊመስ የሚባል ሌላ መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት አለ፤ የግድግዳውን መወፈር ያዘገያል፣ ለቫይረሱም ይጠቅማል ብላኛለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ሌሊት ላይ እውቀት ምን ይሠራል? አንዳንዴ የማስበው የለጋሹን ቤተሰብ ነው። ልጃቸው ሞቶባቸው የሰጡኝን ነገር... ተወው፣ ይሄን በስልክ ነው የማወራህ።

ጉዳዬ እማዬ ናት። ስለ ቫይረሱ አልነገርኳትም። ሐሙስ ደውላ ካጣችኝ ታብዳለች። እዚህ ጠዋት ሲሆን እናንተ ጋ ከሰዓት ነውና ብቅ ብለህ ቡና ጠጣላት። «ለምርመራ ገብቷል፣ በየዓመቱ ነው» በላት፤ ውሸት አይደለም። ደግሞ የምትቀምመውን መድኃኒት በሰው መላኳን እንድትተው ንገራት። ባለፈው ዱቄት ነገር ልካልኝ ሐኪሟ ልትጮህብኝ ነበር። እኔ ግሬፕፍሩት እንኳ የተከለከልኩ ሰው ነኝ፤ መከላከያዬን የሚያዳክመውን መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። እኔን አትሰማም፣ አንተን ግን ከድሮም ከእኔ አስበልጣ ትሰማሃለች። አሁንም ይከነክነኛል።

ዓርብ እደውላለሁ። የማታውቀው ቁጥር ነው ብለህ እንዳትዘጋብኝ።

ያንተው ኤፍሬም