በመንገዳችን ሊከፈት ስለታሰበው የቁማር ማሽን ቤት፦ ተቃውሞ ለምትጽፉ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፤

የባንክ ቅርንጫፉ ከተዘጋ ወዲህ ባዶ በቆየው ቤት መስኮት ላይ የፈቃድ ማመልከቻ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ያያችሁት ሁሉ «ተቃውሞ ጻፉልን» እያላችሁን ነው። እንጽፋለን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም። ነገር ግን እስካሁን የነገራችሁን ምክንያት አብዛኛው፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ልቡ ቢቀበለው እንኳ ሕጉ እንዲያየው የማይፈቅድለት ነው። ስለዚህ ወደ ቢሯችን ከመምጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የተጠየቀው ፈቃድ ለካዚኖም ለውርርድ ቤትም አይደለም። «አዳልት ጌሚንግ ሴንተር» የሚባለው፣ ዕድሜያቸው 18 ለሞላ ብቻ የተፈቀደ የማሽን ቤት ነው። ውርርድ ቤት በመደበኛው ደንብ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይሠራል፤ ማሽኖቹም ከ4 አይበልጡም። የማሽን ቤት ግን ገደብ ካልተጣለበት ሌት ተቀን ክፍት መሆን ይችላል። «ቢ3» የሚባለው ማሽን በአንድ ጨዋታ እስከ 2 ፓውንድ ይቀበላል፤ እስከ 500 ፓውንድ ይከፍላል። «2 ፓውንድ ምን አላት?» የሚል ካለ፣ አንዱ ጨዋታ በ2.5 ሰከንድ እንደሚያልቅ ይወቅ። በደቂቃ 24 ጨዋታ ማለት ነው፤ በከፍተኛው መደብ ለሚጫወት 48 ፓውንድ።

በ2005 የወጣው የእንግሊዝ የቁማር ሕግ ካውንስሉን ፈቃድ ወደ መስጠቱ እንዲያዘነብል ያዘዋል። ተቃውሞ የሚደመጠው ከሦስቱ የፈቃድ ዓላማዎች አንዱን ሲነካ ነው፦ ቁማሩ የወንጀልና የሁከት ምንጭ እንዳይሆን፣ ጨዋታው ግልጽና ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ሕፃናትና ለጉዳት የተጋለጡ ሰዎች እንዳይጎዱና እንዳይበዘበዙ። ሁለተኛው በዋናነት የአገሪቱ የቁማር ተቆጣጣሪ የሆነው የቁማር ኮሚሽን ሥራ ስለሆነ ለእናንተ የሚጠቅማችሁ አንደኛውና ሦስተኛው ነው።

«ቁማር ኃጢአት ነው» የሚለው እምነታችሁ የተከበረ ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ ግን ቦታ የለውም። «ቁማር ቤት ሞልቶናል፣ ሌላ አያስፈልገንም» የሚለውም እንዲሁ፤ ካውንስሉ የገበያ ፍላጎትን እንዳይመዝን ሕጉ በግልጽ ይከለክለዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በጫጫታ ነው። የመጠጥ ፈቃድ ሲጠየቅ የሕዝብ ሰላም መታወክ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ መጠጥ ቤት ተቃውሞ ያሸነፈ ሰው ያንኑ ደብዳቤ ገልብጦ ያመጣል። በቁማር ሕግ ውስጥ ይህ ዓላማ የለም። ጫጫታው ሁከት የሚባልበት ደረጃ ካልደረሰ አይቆጠርላችሁም።

የሚቆጠርላችሁ ያያችሁት ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሆነው ነገር። ፖሊስ ተጠርቶ ከነበረ የመዝገቡን ቁጥር ጨምሩ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሣን ጠብ «8 ሰዓት» ብላችሁ ከላካችሁት፣ ሰሚው በማለዳ ወይም ገና በጊዜ ምሽት የሆነ አድርጎ ይወስደዋል፤ ስለ ሌሊቱ ሰዓት የምታቀርቡት ክርክርም ያን ጊዜ ወደቀ።

ከሁሉ በላይ የምንመክረው የአመልካቹን የአካባቢ ስጋት ግምገማ፣ ማለትም ቤቱ በአካባቢው ሊያመጣ የሚችለውን ጉዳት የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ማንበብ ነው። ድርጅቱ ከማመልከቻው ጋር ሊያዘጋጀው ይገባል፤ የካውንስሉን የላይሰንስ (የፈቃድ) ክፍል በኢሜይል ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተማ የተገለበጠ ይመስላል። በአቅራቢያችሁ ያለውን ትምህርት ቤት፣ የቤት አልባዎች መጠለያ፣ የምግብ ዕርዳታ ማዕከል፣ የሱስ ሕክምና ጣቢያ ጽፏል? ካልጻፈ የጎደለውን በስምና በርቀት ዘርዝሩ። ካውንስሉ በየሦስት ዓመቱ የሚያወጣው የቁማር ፖሊሲም አለ፤ አካባቢያችሁን ለጉዳት የተጋለጠ ብሎ ከጠቀሰ የገጹን ቁጥር ጥቀሱ።

መጻፍ የሚችለው በበቂ ቅርበት የሚኖር፣ የንግድ ጥቅሙ ሊነካ የሚችል፣ ወይም የእነዚህ ወኪል ነው። ምግብ ቤቱ እዚህ፣ መኖሪያው ሌላ ሰፈር የሆነ ሰው በንግዱ ስም ይጽፋል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም መጻፍ ይችላሉ፤ ከሦስቱ ዓላማዎች ሳይወጡ። የፊርማ ስብስብ ብቻውን ክብደቱ ትንሽ ነው። በተለያየ ቃል የተጻፉ አሥር ደብዳቤዎች ከሦስት መቶ ፊርማ ይሻላሉ፤ ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አናባዛም። የተመረጡ የካውንስል አባላት እናንተን ወክለው መናገር ስለሚችሉ ለእነሱም ጻፉ።

ደብዳቤው በሁለተኛ ደረጃ የምትፈልጉትንም ይያዝ። ፈቃዱ የማይቀር ከሆነ ካውንስሉ ግዴታዎች ሊጥልበት ይችላል፦ እኩለ ሌሊት ላይ መዝጋት፣ ሌሊት አንድ ሠራተኛ ብቻውን እንዳይቆም፣ በር ላይ ጥበቃ፣ ካሜራ፣ ከ25 ዓመት በታች የሚመስልን ሁሉ መታወቂያ መጠየቅ። «ሽንፈትን መቀበል ነው» የምትሉን አላችሁ። አይመስለንም። ምንም ካልጠየቃችሁ ሌት ተቀን ክፍት ሆኖ ሊጸድቅ ይችላል።

የፕላኒንግ (የሕንፃና የቦታ አጠቃቀም) ፈቃድ ደግሞ ሌላ በር ነው፤ ለላይሰንስ የላካችሁት ደብዳቤ ወደዚያ አይሻገርም። ባንክ የነበረን ቤት የማሽን ቤት ለማድረግ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያ የሌሊት ጫጫታ፣ ከላይ ያሉት መኖሪያዎች እንቅልፍ፣ የተሸፈነ መስኮት ለገበያው መንገድ ሕይወት የሚያመጣው ጉዳት ሁሉ ይታያል። የላይሰንሱ ደብዳቤ የማይቀበለውን ጫጫታ እዚህ አስገቡት። የማመልከቻውን ቁጥር ከካውንስሉ ድረ ገጽ ውሰዱ፤ ያለ ቁጥር የተላከ አስተያየት ፋይሉ ውስጥ ላይገባ ይችላል።

የላይሰንሱ ጊዜ ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 28 ቀን ነው። ማስታወቂያውን ካያችሁበት ቀን አትቁጠሩ፤ የመጨረሻው ቀን ማስታወቂያው ላይ አለ። ካለፈ አይቀበሉም። ተቃውሞ ከቀረበና ያቀረበው ሰው መልሶ ካልተወው ጉዳዩ ወደ ላይሰንስ ንዑስ ኮሚቴ ይሄዳል። እዚያ ለመናገር የሚሰጣችሁ ደቂቃ ጥቂት ስለሆነ ደብዳቤውን ከማንበብ ይልቅ ዋናውን ማስረጃ ብቻ ተናገሩ። በላይሰንሱ ውሳኔ ቅር የተሰኘ፣ ተቃውሞ ያስገባ ሰው በ21 ቀን ውስጥ ለማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ከተረታ ግን የወጪ ክፍያ ሊጣልበት ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ። በፕላኒንግ በኩል ይግባኝ የሚል አመልካቹ ብቻ ነው።

ወደ እኛ ስትመጡ የማስታወቂያውን ፎቶ፣ አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀትና የጻፋችሁትን የቀንና የሰዓት ዝርዝር ያዙ፤ በአማርኛ ቢሆን እንተረጉመዋለን። ከመጨረሻው ቀን ቢያንስ 5 ቀን ቀድማችሁ ኑ። ስማችሁና አድራሻችሁ ለአመልካቹ ሊደርስ እንደሚችል ከወዲሁ እወቁ፤ ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ የተመረጠው የካውንስል አባል በእናንተ ፋንታ እንዲጽፍ እንጠይቅላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትርጉምና የሒሳብ ቢሯችሁ