ቡታሬ እስከ ኤፕሪል 19 ለምን ቆየች?

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ዘመናችን የዘር ማጥፋት ወንጀሎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የአርመናውያንን፣ የአይሁድን፣ የካምቦዲያንና የሩዋንዳን እልቂት ጎን ለጎን አስቀምጠው ለማነጻጸር መነሳታቸው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የሁሉም መንስኤ ለዘመናት የተጠራቀመ የሕዝብ ለሕዝብ ጥላቻ ነው ብለው መደምደማቸው ከባድ ስሕተት ስለ መሰለኝ፣ ለብዙ ዓመታት ታሪክ እንዳስተማረ ሰው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥላቻ አልነበረም አልልም። ነገር ግን ጥላቻው የቆየ ከሆነ እልቂቱ በዚያ ዓመት፣ እንዲያውም በዚያ ሳምንት የሆነው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከቡታሬ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ስፍራ አላውቅም። የፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና አውሮፕላን ኤፕሪል 6 ቀን 1994 ኪጋሊ ላይ ተመትቶ ሲወድቅ በዋና ከተማዋ በሁቱ አክራሪዎች የተመራው የቱትሲዎች ግድያ በሰዓታት ውስጥ ጀመረ። በደቡብ ሩዋንዳ በምትገኘው በቡታሬ ግዛት ግን አብዛኛው አካባቢ ለሁለት ሳምንት ገደማ ከጭፍጨፋው ተጠብቆ ቆይቷል፤ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የሸሹም መጠጊያ ብለው ወደዚያ ጎርፈዋል። የግዛቱ አስተዳዳሪ ዣን ባፕቲስት ሀቢያሊማና በአገሪቱ ከነበሩት የግዛት አስተዳዳሪዎች ብቸኛው ቱትሲ ነበሩ፤ ግድያውንም ለመግታት የቻሉትን ያህል ታገሉ። ከሀቢያሪማና ሞት በኋላ የተቋቋመው ጊዜያዊ መንግሥት እርሳቸውን ከሥልጣን አነሣ፤ ኤፕሪል 19 ቀንም የዚሁ መንግሥት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሲንዲኩብዋቦ ራሳቸው ቡታሬ መጥተው፣ ዳር የቆሙትን የሚነቅፍና ሕዝቡን ለ«ሥራ»፣ ማለትም ለግድያ፣ የሚያነሣሣ ንግግር አደረጉ። እልቂቱ ግዛቱን ያዳረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተሻሩት አስተዳዳሪም ተገደሉ። የቡታሬ ሁቱና ቱትሲ ከንግግሩ በፊትም በኋላም ያው ሰዎች ነበሩ፤ ቋንቋቸው አንድ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ፣ ተጋብተው የተዋለዱ። የተለወጠው ትእዛዙ ነው።

ሌሎቹም ታሪኮች ይህንኑ ያሳያሉ። የኦቶማን መንግሥት በባልካን ጦርነት በአውሮፓ የነበረውን ግዛት ከሞላ ጎደል አጥቶ፣ በ1915 መጀመሪያም በሳሪካሚሽ በሩሲያ ጦር ድል ተመትቶ ሳለ፣ ገዢው ፓርቲ አርመናውያን ዜጎቹን የጠላት እጅ አድርጎ ከሰሳቸው፤ ከቀያቸው ነቅሎም ወደ ሶርያ በረሃ ነዳቸው። (ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የዚህ እልቂት ወላጅ አልባ ልጆች መሆናቸውን ብዙ አንባቢ ያውቃል።) የኮንያው ገዢ ጀላል በይ ግን ትእዛዙን ባለመፈጸማቸው፣ ከሥልጣን እስኪነሡ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ አርመናውያን እዚያው ሊቆዩ ችለዋል። ቡልጋሪያም የናዚ ጀርመን ወዳጅ ነበረች፤ በ1943 ግን የምክር ቤቱ ምክትል አፈ ጉባኤ ዲሚታር ፔሼቭና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ስለ ተቃወሙ ከአገሪቱ ነባር ግዛት 48,000 ያህል አይሁድ ከሞት ተርፈዋል። ያው መንግሥት፣ ድምፁን የሚያሰማላቸው ባልነበረበት በያዘው የትራቄና የመቄዶንያ ምድር ግን፣ ከ11,000 በላይ አይሁድን አሳልፎ ሰጥቷል።

ካምቦዲያማ የጸሐፊውን መደምደሚያ ከነአካቴው ያፈርሰዋል። አገሪቱን የገዛው የኮሚኒስት ቡድን ክመር ሩዥ ከ1975 እስከ 1979 ካጠፋቸው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አብዛኞቹ የገዛ ወገኖቹ ክመሮች ነበሩ። ቬትናሞችና ቻም ሙስሊሞች ተነጥለው መመታታቸው እውነት ነው፤ በ2018 በዘር ማጥፋት ወንጀል ፍርድ የተሰጠውም በእነርሱ ላይ ስለ ተፈጸመው ነው።

እንግዲህ እነዚህን ያመሳሰላቸው፣ ሥልጣኑ እንዳያመልጠው የፈራ ቡድን ዜጎቹን አስቀድሞ በወረቀትና በቃል መለየቱ፣ ግድያውንም ራስን መከላከል ብሎ መጥራቱ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ወረቀቱ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ቤልጂጎች ያስያዙት፣ ጎሣ የተጻፈበት መታወቂያ ነበር፤ ቃሉን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ አሰራጨው። እልቂቶቹን የለያያቸው መሣሪያው ነው፤ ጀርመን ባቡርና ቢሮ ሲኖራት ሩዋንዳ የቀበሌ ሹምና ቆንጨራ ነበራት።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የቃላት ክርክር አይደለም። በ1994 ዓለም ነገሩን የጎሣ ጦርነት ብሎ ሲጠራው፣ ማንም ሊያቆመው የማይችል የተፈጥሮ አደጋ አስመሰለው። የጸጥታው ምክር ቤት በሩዋንዳ የነበረውን ሰላም አስከባሪ ኃይል ወደ 270 ሰው እንዲቀንስ የወሰነው ኤፕሪል 21 ቀን ነው፤ ከቡታሬው ንግግር ሁለት ቀን በኋላ። አገራችን በ1949 ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ገዢም ይሁን ሹም ወይም ተራ ሰው፣ ወንጀሉን የፈጸመው ግለሰብ እንዲቀጣ ያዛል፤ ሕዝብን በጅምላ አይከስስም። ጋዜጣችሁም ስለ እንዲህ ያለ እልቂት ሲጽፍ ማን እንዳዘዘ፣ መቼ እንዳዘዘና ማን እምቢ እንዳለ እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የታሪክ መምህር
ደሴ