ማንም ያላየው 20

አንቺዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ለእንቁጣጣሽ የላክሽልኝን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ሁለቴ ነው የሰማሁት። ዛሬ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ፋሲካም አለፈ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ፣ በቃ። ልጆቹን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራውም ያው ነው።

የምጽፍልሽ ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር ስላለ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ልጆች ስነግራቸው "ለጨዋታ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው?" ይሉኛል።

አዎ፣ ለጨዋታ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ያወጡት እኛ ጋ አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ነው፣ አስቢው። ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጫለሽ፣ አንዱ ተረቱን ይመራል፣ ዲኤም ይሉታል። ሌሎቻችን ተረቱ ውስጥ ያለን ሰዎች ነን። ያሻሽን አደርጋለሁ ትያለሽ፣ የሚሳካ መሆኑን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይለየዋል። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስድስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ መጫወት ከጀመርን አምስት ወር ሆነን።

እኔ ባርድ ነኝ፣ አዝማሪ በዪው። አዝማሪዋን በአያቴ ስም ነው የጠራኋት። ወንድሟ ለንግድ እንደወጣ ሳይመለስ ቀርቷል፣ እሷም መሰንቆዋን ይዛ ከከተማ ከተማ እየዘፈነች ትፈልገዋለች። ይሄን ሁለት ሌሊት ፈጅቼ በእንግሊዝኛ ሦስት ገጽ ጻፍኩና ለዲኤሙ ሰጠሁት። "በጣም ያምራል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ወንድም አንድ ቃል አልሰማሁም። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ የጠፋበት ሰይፍ ግን ሦስቴ ወሬው ተነስቷል።

ባለፈው ቅዳሜ የንጉሡ በር ላይ ነበርን። ዘበኛው አላስገባም አለ። ይሄ እንደሚመጣ አውቄ ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ስንኝ ስደረድር ነበር የከረምኩት። "ስለጠፉ ሰዎች እዘፍናለሁ፣ ንጉሡ ውስጥ ሆኖ እስኪሰማኝ" አልኩና ዳይሱን ጣልኩ። 20! አንቺ፣ ከዚህ በላይ ቁጥር የለም። ዲኤሙ ወረቀቱን እያየ "ኦኬ፣ ጥሩ" አለና ዘበኛው ምን እንደለበሰ ወደ ጠየቀው ልጅ ዞረ። ከዚያ ጠብ ተነሳ፣ በሩም ተሰበረ፣ ዘፈኔ እዚያው ቀረ። ዳይሱ የቺፕስ ፍርፋሪ መሃል 20ን ወደ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ማንም አላየውም። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ወደ ቤት ስመለስ አለቀስኩ።

የሚገርመው ውጊያ ላይ ደህና ነኝ። ውጊያ ሲሆን ሁሉም ዳይስ ጥሎ ተራ ይይዛል፣ ተራዬ ሲደርስ ዝም ብለው ያዳምጡኛል። የምጠፋው ወሬ ሲሆን ነው። ወሬ ላይ ተራ የለም፣ ቀድሞ የተናገረ ወሰደው። እኔ የምለውን በልቤ አስተካክዬ አፌን ስከፍት እነሱ ሌላ አገር ገብተዋል። እንግሊዝኛዬ ይሆን? እንጃ። ዲኤሙ ክፉ አይደለም፣ ምን ያህል እንደሚደክምበት አያለሁ። ግን ያ አዝማሪ ቤት ትዝ ይልሻል? ያ ዓይን አፋር ሰውዬ ከጥግ ሆኖ በቀጭን ድምፅ "ተቀበል!" ሲል? ስንኙ ቤት እንኳ አልመታም ነበር። አዝማሪው ግን መሰንቆውን እንደያዘ ወደሱ ዞሮ ተቀበለው። ሰውዬው ማታውን ሙሉ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔም ያንን ብቻ ነው የምፈልገው።

ይሄን ስጽፍ ያንቺ ድምፅ ትዝ አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ እኔም አልተቀበልኩሽም። እ... እሱን ስንደዋወል።

ለዲኤሙ መልእክት ጽፌያለሁ። "በየቅዳሜው አንዴ እንኳ ወደኔ ዞረህ አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ በለኝ፣ ስለ ወንድሟም ትንሽ ፍንጭ ጣልልኝ" ነው የሚለው። ሳልልከው አራት ቀን ሆነኝ። እንደ አቤቱታ ይመስላል? መውጣት አልፈልግም፣ ወንድሟን ሳታገኝ እንዴት እወጣለሁ? አንቺ ሰው ሳታስቀይሚ መናገር ትችያለሽ። እኔን እንኳ በእንቆቅልሽ ጎንደርን ስታስረክቢኝ እየሳቅኩ ነበር የምሰጥሽ።

የምንጫወተው ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ነው፣ እናንተ ጋ ሌሊት 7 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ድምፅ ላኪልኝ፣ ልላከው ወይስ በአካል ልንገረው? የዚያኑ ቀን እመልስልሻለሁ። ጎንደርንም አልመለስሽልኝም፣ የረሳሁት እንዳይመስልሽ።