«ወራት ባከኑ» ላላችሁት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ስለሆኑት ስለ ላኮታዎች የጉድጓድ ውሃና አርሰኒክ ስለተባለው መርዝ ማጣሪያ ጥናት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበናል። ስለ አርሰኒክ በአማርኛ መጻፉ ደግ ነገር ነው። «ቀይ ህንዶች» የሚለውን የቆየ ስም መልሳችሁ ማምጣታችሁ ግን አስከፍቶናል፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ላኮታ ብሎ ነው። ብዕር ያስነሳን ሌላ ነው። «ተመራማሪዎቹ የነገዱን ፈቃድ ሲጠብቁ ወራት ባከኑ» ብላችኋል። ባከኑ?

በደቡብ ዳኮታ ከላኮታዎች ጋር የጤና ጥናት ለመጀመር የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። የነገዱ ምክር ቤት መክሮ ይወስናል። በፓይን ሪጅ ያሉት ኦግላላ የሚባሉት ላኮታዎች የራሳቸው የምርምር ገምጋሚ ቦርድ አላቸው። ነባር ሕዝቦችን የሚያክመው የፌዴራል ጤና አገልግሎትም የራሱን ግምገማ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ የዋለው፣ በሰዎች ላይ የሚደረግ ምርምርን የሚመለከተው የተሻሻለው የፌዴራል ደንብም የነገድ ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ እንደተጠበቀ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል።

በነዚያ ወራት የሚጠየቀው እንዲህ ያለ ነው፦ ከተሳታፊዎች የሚወሰደው ደምና ሽንት የት ይቀመጣል? ለስንት ዓመት? የተረፈው ይመለሳል ወይስ ይወገዳል? ለሌላ ጥናት ቢፈለግ የሚፈቅደው ማን ነው? ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ነገዱ ያየዋል? የመንደሩ ስም ይጻፋል ወይ? ይህ የመጨረሻው ተራ ጥያቄ አይደለም። ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርበት መንደር ዕድሜና በሽታ ከተጻፈ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ብትጠይቁ ኖሮ የሐቫሱፓይን ታሪክ ታገኙ ነበር። የአሪዞና ነባር ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለስኳር በሽታ ጥናት ተብሎ ደም ሰጡ። ያው ደም ስኪዞፍሬንያ ለተባለው የአእምሮ ሕመም፣ ለዘመዳሞች መዋለድና ለሕዝቡ አመጣጥ ጥናት ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የነገዱ አባል ወይዘሮ ካርሌታ ቲሉሲ በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ሥራውን ሲያቀርብ ተገኝተው አዳመጡ። የሚነገረው ስለ ወገኖቻቸው ደም ነበር። ለዚህ ፈቃድ ተጠይቆ እንደሆነ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኒቨርሲቲው ለ41 የነገዱ አባላት 700 ሺህ ዶላር ለመክፈልና የቀረውን ደም ለመመለስ ተስማማ። ሃያ ዓመት ማለት ነው። ባከነ የሚባለው ይህ ነው።

ፈቃዱ ጊዜ አይወስድም አንልም። ምክር ቤት በራሱ ቀን ይሰበሰባል። ኦግላላዎች በየሁለት ዓመቱ ስለሚመርጡ አዲስ አባላት ሲመጡ ነገሩን እንደገና ማስረዳት ግድ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ተመራማሪ የጥናቱ ገንዘብ ከመለቀቁ አስቀድሞ ይሄዳል። ዘግይቶ የሄደ ሰው የራሱን መዘግየት በነገዱ ላይ መለጠፍ የለበትም፤ ጋዜጣም ተቀብሎ ማተም የለበትም።

ማጣሪያውን «ተገጠመ» ብላችሁ በአንድ ቃል አልፋችሁታል። አርሰኒክ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። የአሜሪካ ሕግ ለሕዝብ የውሃ መስመር ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ የግል ጉድጓድን ግን ያ ሕግ አይመለከተውም። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም ሲፈላ አይጠፋም።

ማጣሪያው ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር ይገጠምና የራሱ ትንሽ ቧንቧ ይወጣለታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ቧንቧ ቶሎ ስለሚሞላ የሾርባው ድስትና የቡናው ማንቆርቆሪያ ከዚያ ይቀዳሉ። ብርጭቆውን ብቻ ከትንሹ የሚሞላ ቤት አርሰኒኩን በምግብና በቡና ይወስደዋል። ካርትሬጁ፣ ማለትም በማጣሪያው ውስጥ አርሰኒኩን የሚይዘው ተለዋጭ ክፍል፣ አቅሙን ሲጨርስ ደግሞ ውሃው መውረዱን አያቆምም፣ ጣዕሙም አይለወጥም፤ ቀን ቆጥሮ የሚለውጥና ውሃውን የሚያስመረምር ሰው ያስፈልጋል። ብረት የበዛበት ውሃ ከቀኑ በፊት ይደፍነዋል። ማጣሪያው መሥራቱን ለማወቅ ሽንት ሲመረመርም ሰውየው በቅርብ ቀን የባሕር ዓሣ በልቶ ከሆነ ጠቅላላው አርሰኒክ ከፍ ብሎ ይታያል። ከዓሣ የሚመጣው በአብዛኛው ጉዳት የሌለው ዓይነት ስለሆነ፣ ዓይነቶቹ ተለይተው ካልተለኩ የደህና ቤት ውሃ የተበከለ ይመስላል።

የትኛው ድስት ከየትኛው ቧንቧ እንደሚሞላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጦ አይታይም። ቤት ለቤት የሚሄዱት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በዘገባችሁ «ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ቃል ሰባት ጊዜ ቆጠርን። ለላኮታዎች በተከለለው ምድር፣ በሻየን ሪቨር ሪዘርቬሽን፣ በኢግል ቢዩት ያለውን፣ የነባር ሕዝብ ተወላጆች ንብረት የሆነውን ሚዙሪ ብሬክስ የምርምር ድርጅት አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችሁም። እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረውና ላኮታዎች የተሳተፉበት የልብ ጥናት፣ «ስትሮንግ ኸርት»፣ በዳኮታ ምድር የሚሠራው በዚሁ ድርጅት ሠራተኞች እጅ ነው። አርሰኒክ ከልብ በሽታ ጋር መያያዙን ካሳዩት ጥናቶች አንዱም ያ ጥናት ነው። እነዚህን ሰዎች ከታሪካቸው አውጥታችሁ «ተረጂ» አድርጋችሁ ስላቀረባችኋቸው ነው የተቆጣነው።

«ባከኑ» የሚለው ቃል እንዲታረም፣ የድርጅቱ ስምም እንዲጨመር እንጠይቃለን። እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል ይውጣ።

በሕዝብ ጤና ጥናት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ