በሕመማቸው ሰሞን ልጆቻችንን ላባበላችሁልን ሁሉ

ልጆቻችን በተቅማጥና በትውከት ታመው በተኙባቸው 9 ቀናት ከጎናችን ላልተለያችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች በሙሉ፣ እኔና ባለቤቴ ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን። የሆነውን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት በዝርዝር አንመለስበትም። ዛሬ የ4 ዓመቷ ልጃችን ከትንሹ ወንድሟ ጋር በአሻንጉሊት ትጣላለች፤ ከሌላ ክፍል ሆነን ያንን ጭቅጭቅ ስንሰማ ምን ያህል ደስ እንደሚለን፣ ቤቱ ጸጥ ባለባቸው ቀናት አብራችሁን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ አስቀድመን ልናመሰግን የምንወደው ልጆቻችን «እማማ» የሚሏቸውን ጎረቤታችንን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስለማይወዱ እኛም እዚህ እማማ እያልን እንቀጥላለን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጃችን የቀረበላትን በውሃ የተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በእጇ ገፍታ ስትደፋው፣ እኔም ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ካለማግኘቴ የተነሣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስቆጣት፣ በሩን ከፍተው የገቡት እሳቸው ነበሩ። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። መሬት ላይ ከልጅቷ ፍራሽ አጠገብ ተቀመጡና አሻንጉሊቷን አንሥተው ግንባሯን በጀርባ እጃቸው ዳሰሱ፤ ቀጥለውም «ይቺኛዋ ልጅስ ጠጥታለች?» ብለው ጠየቁ። ከሌሊቱ ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የነበረችው ልጃችን ያን ጊዜ ዘወር አለች።

ከዚያ በኋላ አሻንጉሊቷ አንድ ማንኪያ፣ እሷም አንድ ማንኪያ እየተባለ ተጀመረ። እማማ ወረቀትና እርሳስ አስመጥተው ቅርፊት የሌለው ትልቅ ዓሣ ሣሉና፣ ልጅቷ ለምትውጠው ለእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ አንድ ቅርፊት በገዛ እጇ እንድትሥልለት አደረጉ። ሲያስመልሳት አልተደናገጡም፤ አፏን ጠርገው፣ ልብሷን ለውጠው፣ 10 ደቂቃ ያህል አሳርፈዋት በየ2 እና በየ3 ደቂቃው አንድ ማንኪያ እየሰጡ እንደገና ጀመሩ። ያ ዓሣ ለእሷ ጨዋታ ነበር፤ ለእኛ ግን መዝገብ ሆነልን። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ 40 ቅርፊት ማለት 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ በኋላ የጤና ባለሙያዋ ከጠዋት ጀምሮ ስንት እንደጠጣች ስትጠይቀን፣ እንደ ሌላው ጊዜ «ትንሽ ትንሽ ቀምሳለች» ብለን ሳንድበሰበስ ቅርፊቶቹን ቆጥረን መመለስ ቻልን።

እማማን የምናመሰግነው ግን ስለዚህ ብቻ አይደለም። የታመመ ልጅ ከተቀማጠለ አመል ይሆንበታል፣ ከዳነ በኋላም አይመለስም የሚል እምነት ነበረኝ፤ ሌሎችም በቅንነት እንዲሁ መክረውናል። እሳቸው ይህን እምነቴን በክርክር አልነኩትም። ፍራሿን ከመኝታ ክፍል አውጥተን የቤቱ ሰው በሚውልበት ክፍል ውስጥ እንድናነጥፍላት ነገሩን፤ በየትኛው ኩባያ እንደምትጠጣ፣ ማን አጠገቧ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ተረት እንደሚደገም፣ ሌሊት መብራቱ ይጥፋ ወይስ ይብራ የሚለውን ሁሉ ለእሷ ተዉላት። ይጠጣ ወይስ አይጠጣ፣ መድኃኒቱ ይወሰድ ወይስ ይቅር የሚለውን ግን አንድ ጊዜም አልጠየቋትም። ጣፋጭ የታሸገ መጠጥ እንዲሰጣት አልቅሳ በለመነች ጊዜ፣ ስኳር የበዛበት መጠጥ ተቅማጡን እንደሚያብስባት ያውቁ ነበርና ከለከሏት፤ ከልክለዋትም አልሄዱም፤ ልቅሶዋን እስክትጨርስ ድረስ ደረታቸው ላይ አስተኝተው ጀርባዋን ሲደባብሱ ቆዩ። እምቢታና እቅፍ አብረው ሊሰጡ እንደሚችሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ለትኩሳቱ የታዘዘውን የፓራሲታሞል ሽሮፕ ከረሜላ ነው እያልን ስንሰጣት ሰምተው፣ ልጅ በማይሰማበት ቦታ ለብቻችን ጠርተው መከሩን። ዛሬ ከረሜላ ነው ያልነውን ነገ ከመደርደሪያ ላይ አውርዳ ብትጠጣው ጥፋቱ የእኛ እንደሚሆን ነገሩን። መድኃኒት መሆኑን፣ እንደሚመራት፣ ቶሎ እንደሚያልቅም እውነቱን ነገሯት፤ ቀና አድርገው አስቀምጠዋትም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ጥቂት በጥቂት አጠጧት። አፍንጫ መያዝ አልነበረም፤ ትግልም አልነበረም።

ይህን ስጽፍ አራተኛው ሌሊት ድንገት ይመጣብኛል። ስታለቅስ እንባ አልነበራትም። አፏ ደርቆ፣ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ሽንት ከሸናችም ብዙ ሰዓት አልፎ ነበር። እነዚህን ምልክቶች እንድንጠብቅ፣ ካየናቸውም እስኪነጋ እንዳንዘገይ አስቀድመው ያስጠነቀቁን እማማ ባይሆኑ ኖሮ፣ ተኝታለች ብለን መብራቱን አጥፍተን እንተኛ ነበር። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

በዚያ ሌሊት ለተቀበላችሁን፣ ልጃችን ከጭናችን ሳትወርድ እንድትመረመር ለፈቀዳችሁ የጤና ባለሙያዎች በሙሉ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ለተቅማጡ የታዘዘው የዚንክ መድኃኒት እስከ 10ኛው ቀን ድረስ እንዳይቋረጥ፣ የተበጠበጠው ፈሳሽም ከ24 ሰዓት በኋላ እንዲደፋ የሰጣችሁንን ምክር ሳናጎድል ፈጽመናል።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ፈሳሽ ሳነብ ያገኘሁትን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዲሽ የነጻነት ጦርነት ወቅት ሕንድ ውስጥ በነበረ የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ገብቶ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ባለቀ ጊዜ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም በውሃ የተበጠበጠ ጨውና ግሉኮስ በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። በዚያ መጠለያ ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉን ይቀጥፍ የነበረው ሞት ከ100 ከ4 በታች ወረደ። የባለሙያ እጅ ስላልበቃም ፈሳሹን ሲያጠጡ የነበሩት ብዙውን ጊዜ የሕሙማኑ ቤተሰቦች ነበሩ። ይህን ሳነብ በዓይኔ የታየኝ እማማ በማንኪያ ሲያጠጡ ነው። በዚያ መጠለያ ማንነታቸው ሳይታወቅ የወገኖቻቸውን ነፍስ ያተረፉትንም በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ታላቅየው የ8 ዓመት ልጃችን አልታመመም፤ በመሆኑም ለብዙ ቀናት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በስድስተኛው ቀን መጥቶ «እኔንም አሞኛል» አለ። ባለቤቴም እኔም ውሸቱን መሆኑን ስለምናውቅ ልንገሥጸው ስንል፣ እማማ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሳቸው ሳቡት። እንደ እህቱ ግንባሩን ዳሰሱት፣ ቴርሞሜትሩን በብብቱ አስገብተው እስኪጮህ ጠበቁ፣ ቁጥሩንም አብረው አነበቡት። ትኩሳት እንደሌለው ከነገሩት በኋላ ግን ተነሥ አላሉትም፤ ከጎናቸው አስተኝተው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው፣ ለእህቱ የነገሯትን ተረት ያህል ርዝመት ያለው ተረት ነገሩት። ሲጨርሱ እሱ ራሱ ተነሥቶ ለእህቱ ኩባያዋን አቀበላት። ልጄ ያን ሰሞን ምን ያህል ብቻውን እንደነበረ ያየሁት በእሳቸው ዓይን ነው፤ ስለዚህ ይህ ምስጋና የእሱም ነው።

በስልክ ስትጠይቁን ለሰነበታችሁ ዘመዶቻችን፣ ሥራችንን ተካፍላችሁ ለሸፈናችሁልን ባልደረቦቻችን፣ ታላቅየውን ከትምህርት ቤት ስታመላልሱልን ለነበራችሁ ወላጆች፣ ምግብ ሠርታችሁ በራችን ላይ አስቀምጣችሁ ልጆቹን ላለመቀስቀስ ሳታንኳኩ ለተመለሳችሁ ጎረቤቶች ሁሉ፣ ውለታችሁን ከፍለን አንጨርሰውም። በእነዚያ ቀናት ማን እንደመጣ፣ ማን እንደደወለ በቅጡ የማናስታውስበት ሁኔታ ላይ ስለነበርን ያልጠቀስናችሁ እንደምትኖሩ እርግጠኞች ነን፤ ስልካችሁን ሳናነሣ የቀረንባችሁም አላችሁ። የረሳናችሁ ከድካም እንጂ ከንቀት አለመሆኑን ተረድታችሁ ይቅር እንድትሉን በትሕትና እንለምናለን።

ይቅርታ ከጠየቅን ዘንድ፣ ማንበብ ስትችል እንድታገኘው ለልጄም እዚሁ እጽፍላታለሁ። በዚያ ጠዋት የጮኽኩብሽ ፈርቼ ነው፤ አንቺ ግን የምታውቂው ጩኸቱን እንጂ ፍርሃቴን አልነበረም። ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።

እማማ፣ ዓሣው አሁንም ከፍራሿ በላይ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ሰውነቱ በሙሉ በቅርፊት ተሞልቷል፤ አንዳንዱ ቅርፊት ትልቅ፣ በሕመሙ ቀን የተሣለው ደግሞ የማይታይ ትንሽ ነጥብ ነው። ጅራቱን ግን ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። እርስዎ ሲመጡ አብራችሁ ልትሥሉት አስቀምጣዋለችና፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ሆነን እንጠብቅዎታለን።