ጉዳዩ፦ አዲስ ተብሎ የተሸጠልኝን ያገለገለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይመለከታል

ቀን፦ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የግዥው ቀን፣ የዕቃው መለያ ቁጥርና የደረሰኙ ቅጂ ከዚህ በፊት በጽሑፍ ካስገባሁት አቤቱታ ጋር በእጃችሁ ስለሚገኝ እዚህ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ትናንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሱቃችሁ ውስጥ፣ ሌሎች ደንበኞች ቆመው እየሰሙ የተነገረኝ ቃል ነው።

የመጣሁት እናንተው በሰጣችሁኝ ቀጠሮ ነበር። «ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ስለሚኖር ያለ ምንም ክርክር ይቀየርልሃል» ተብዬ ስደርስ እርስዎ አልነበሩም፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚነግረኝም አልተገኘም። ያገኘሁት ዲስኩን የሸጠልኝን ሠራተኛ ነው። ላፕቶፔን ባንኮኒው ላይ ከፍቼ፣ ዲስኩን ሰክቼ፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን የዲስክ ጤንነት የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም አሳየሁት። ዲስኩ ጤነኛ ቢሆን ሰማያዊ መሆን የነበረበት ሳጥን ቢጫ ሆኖ ያስጠነቅቃል፤ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች፣ ማለትም መረጃ የሚጻፍባቸው የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች፣ እንዳሉበት ይዘረዝራል፤ ዲስኩ በርቶ የቆየበትን ጊዜ የሚያሳየው መስመር ደግሞ 21,460 ሰዓት ይላል። ይህ ለ24 ሲካፈል ወደ 894 ቀን፣ ማለትም 2 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ይሆናል። እኔ ግን የገዛሁት ጥምቀት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ሠራተኛችሁ ስክሪኑን በደንብ ሳያየው «ጋሼ፣ ይሄ ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮግራም ነው፣ ያሻውን ይጽፋል» አለኝ። ቁጥሩን የሚመዘግበው ፕሮግራሙ ሳይሆን የዲስኩ የራሱ ሰርኪት እንደሆነ፣ ፕሮግራሙ የተመዘገበውን ከማንበብ ያለፈ ሥራ እንደሌለው በትሕትና አስረዳሁትና በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ እንዲያረጋግጥ ለመንኩት። «ቫይረስ ያስገባብናል» ብሎ እምቢ አለ። እንግዲህ ይህ ከራሱ መደርደሪያ አውርዶ «አዲስ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ዕቃ ነው። ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ሌሎቹ ደንበኞች እያየ፣ «ለሠርግ ቪዲዮ አይደል እንዴ? ሰው አንዴ አይቶ ለሚተወው ነገር ይሄን ያህል ምን ያንገበግብሃል?» አለኝ። «ጋሼ» ብሎ ጀምሮ «አንተ» እያለ መቀጠሉን እንኳ በልጅነቱ ልለፈው።

ይህንን ግን አላልፈውም። በስቱዲዮዬ የሚቀመጠው ከመሐል ሜዳ እስከ ምንጃር ድረስ እየተጓዝኩ የቀረጽኩት የሰው አደራ ነው። እናታቸው ያረፉባቸው ልጆች ከዓመታት በኋላ የመልሱን ቪዲዮ ፍለጋ ይመጣሉ፤ «ጠፍቷል» ብዬ የምመልስበት አፍ የለኝም። ስለዚህም ነው እያንዳንዱን ሥራ በ3 ቅጂ የማስቀምጠው፤ ቅጂዎቹ በ2 የተለያየ ዓይነት መያዣ ላይ ይሆናሉ፣ 1ዱ ደግሞ ከስቱዲዮው ውጭ ይቀመጣል። ከእናንተ የገዛሁት ዲስክ ያንን ከቤት ውጭ የሚያድረውን ቅጂ እንዲይዝ ነበር።

ስገዛም የምፈልገውን ለዚሁ ሠራተኛ በዝርዝር ተናግሬ ነበር። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ስለሚበላ 4 ቴራባይት እንደሚያስፈልገኝ፣ መንዝ ላይ መብራት ሲጠፋ ከላፕቶፑ ባትሪ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ እንዲሆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውስጡ ያለው ዲስክ የማን ምርት እንደሆነ የሚታወቅ እንዲሆን ጠይቄያለሁ። ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚያመርቱት ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ስም የተጻፈበት ካርቶን ሁሉ ከእነዚህ የአንዱን ዲስክ በራሱ ሽፋን አልብሶ የሚሸጥ ነውና የውስጡን መጠየቅ የገዢ መብት ነው። የተሰጠኝ መልስ «ኦሪጅናል ነው፣ የታሸገ አዲስ ነው፤ አንዲት ነገር ብትገኝበት በራሴ ኃላፊነት በዚያው ቀን እቀይርልሃለሁ» የሚል ነበር። ቃሉንም ለማጽናት በደረሰኙ ጀርባ «የ1 ዓመት ዋስትና» ብሎ በእስክሪብቶ ጽፎ ማኅተም አሳርፎበታል። የገዛሁ ዕለት ማታ መርምሬ በማግሥቱ ጠዋት ስመለስ ግን «ዋስትናው ለማይሠራ ዕቃ ነው፣ ይሄ እየሠራ ነው» ተባልኩ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ባለ 4 ቴራባይቱ ዲስክ በኮምፒውተር ላይ 3.63 ሆኖ በመታየቱ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 ስለሚቆጥሩ የሚመጣ ልዩነት እንደሆነ አውቃለሁና። የማላውቀውን እየጠየቅኩ ያስቸገርኳችሁ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ ወዲህ የቀረቡልኝ መፍትሔዎች ከመጀመሪያው የባሱ ናቸው። መጀመሪያ የራሱ አዳፕተር ያለው፣ ከግድግዳ ካልተሰካ የማይነሳ ትልቅ ዲስክ «ይሄን ውሰድና እንገላገል» ተባልኩ። ፋይል እየተገለበጠበት ሳለ መብራት ቢቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ እንደሚችል ብነግራቸው የሚሰማኝ አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው ከጣት የማይበልጥ፣ «16 ቴራባይት ኤስኤስዲ» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ በውስጡ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ሆኖ፣ መቆጣጠሪያ ቺፑ ለኮምፒውተሩ የሐሰት መጠን እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ትክክለኛው ቦታው ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ እየጻፈ ሁሉንም ያጠፋዋል። ይህን ለአንድ ተማሪ ሸጣችሁለት ቢሆን መመረቂያ ጽሑፉን ይዞበት ይቀራል። በመደርደሪያችሁ ላይ ዛሬም አለ።

ነገሩ ከተነሳ ዘንድ፣ ከዲስኩ ጋር የተሰጠኝ ገመድ የአሮጌውና የዘገምተኛው ዩኤስቢ 2.0 በመሆኑ ሌላ መግዛት ነበረብኝ። በደረሰኙ ላይ የሰፈረው ዋጋም ከከፈልኩት ያነሰ ነው፤ ስጠይቅ «ለሁሉም እንደዚያ ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። በካርቶኑ ላይ የለጠፋችሁት ስልክ ይጠራል እንጂ አይነሳም። አምና ገዝቼው የሞተብኝን ፍላሽ በወቅቱ ዝም ብዬ በማለፌ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ሁሉ ምልልስ የሆነው በጥር ነው። የጥር ወር ለእኛ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ የዚህ አገር ነጋዴ አይጠፋውም። የኢራንቡቲን ጥምቀት ቀርጬ ስመለስ የማራግፍበት ዲስክ ስላልነበረኝ ሜሞሪ ካርዶቹን ሳላጠፋ ይዤ፣ ለቀጣዮቹ ሠርጎች በውድ ዋጋ ሌላ ካርድ ለመግዛት ተገድጃለሁ። በሌላ በኩል የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እኔ በማግሥቱ ጠይቄያለሁ። «ነገ»፣ «ሰኞ»፣ «ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲመጣ» እየተባልኩ ቀኑ ያለፈው በእናንተ ቀጠሮ ስለሆነ፣ ጊዜው አልፏል የሚል መልስ አልቀበልም።

እስከ ትናንት ድረስ የምፈልገው ዲስኩ በአዲስ እንዲቀየርልኝ ብቻ ነበር። ከትናንቱ ንግግር በኋላ ግን ከእናንተ መደርደሪያ ሌላ ዲስክ መውሰድ ስለማልፈልግ፣ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ሳይሆን በትክክል የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ ለገመዱና ለካርዶቹ ያወጣሁት እንዲተካልኝ፣ ሠራተኛችሁ በደንበኞች ፊት ለተናገረኝ ደግሞ በእርስዎ ፊርማ የጽሑፍ ይቅርታ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በተጨማሪም ተመሳሳይ ካርቶን ያላቸው ዲስኮች በሱቃችሁ ውስጥ እየተሸጡ ስለሆነ ተመርምረው ያገለገሉት «ያገለገለ» ተብለው እንዲሸጡ እጠይቃለሁ።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ድረስ በጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ፣ የፕሮግራሙን የስክሪን ፎቶና ማኅተም ያረፈበትን የደረሰኙን ጀርባ አያይዤ ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ አቤቱታዬን አቀርባለሁ፤ የደረሰኙን ዋጋ ጉዳይም አብሬ አመለክታለሁ። ዲስኩ ከነካርቶኑ በእጄ ስለሚገኝ ገንዘቡን ስረከብ አስረክባለሁ፤ ከዚያ በፊት «ለምርመራ» ተብሎ እንድተወው ብጠየቅ አልተወውም።

ከሰላምታ ጋር

የፎቶግራፍና ቪዲዮ ስቱዲዮ ባለቤት
ደብረ ብርሃን